ገና በደሴ፦ ከሥላሴ ጀምሮ የሚቆጠር ድግስ

ጠላ በሁለት ሳምንት ይደርሳል፣ ሊጥ በሁለት ሰዓት ኩፍ ይላል የሚለው ምክር ለኮምቦልቻ ይሠራል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲገባ ግን አይሠራም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከፍታቸው ግን በብዙ ይለያያል፤ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ፣ ደሴ ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናቸው። በዚያ ላይ ታኅሣሥ ሌሊቱ የሚከፋበት ወር ነው። ከጦሳ ተራራ ግርጌ ባለ ማድቤት ውስጥ ጥንስሱ ተኝቶ ያድራል፣ እርሾው ይለግማል፣ የሐበሻ ዶሮውም አልበስል ይላል። ደሴ ላይ የገና ድግስ ከተበላሸ፣ ዘጠና በመቶው ጥፋት ዘግይቶ መጀመር ነው ብንል ብዙም አልተጋነነም።

መድኃኒቱ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ወርኃዊ በዓላቱ ለዚህ የተመቹ ናቸው፦ ሥላሴ 7፣ ሚካኤል 12፣ ኪዳነ ምሕረት 16፣ ገብርኤል 19፣ ጊዮርጊስ 23፣ መድኃኔ ዓለም 27፣ አማኑኤል 28። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በእነዚህ ቀናት ላይ የተሰካ ነው።

ቀኑን አትሳቱ

ገና ታኅሣሥ 29 ይውላል፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ነው። ምክንያቱ ጳጉሜን ናት። በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ጳጉሜን 6 ስለምትሆን ቀጥሎ የሚገባው የዮሐንስ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋል፣ በዓሉም በአንድ ቀን ቀድሞ በ28 ይውላል። በ2016 እንደዚያ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። በዚያ ዓመት ከዚህ በታች የተጻፉትን የታኅሣሥ የዝግጅት ቀናት በሙሉ አንድ አንድ ቀን ቀንሱ። ኅዳር 15 የሚገባው ጾመ ነቢያትም በሌላው ጊዜ 44 ቀን ሲሆን በዘመነ ዮሐንስ 43 ይሆናል።

ሁሌም የሚነሣ ሌላ ጥያቄ አለ፦ ገና ረቡዕ ወይም ዓርብ ሲውልስ? ይበላል። በዓለ ልደት የሚፈሰክበት ቀን ነው፤ የሚጾመው ዋዜማው፣ ማለትም ገሃዱ ነው። የ2018 ገና ረቡዕ፣ የ2019 ሐሙስ፣ የ2020 ዓርብ ላይ ነው። የዓርቡ ለወሎ ሰው ተጨማሪ ነገር ያመጣል፤ ወደ እንግዶቹ ስንደርስ እንመለስበታለን።

ጠላው ከሁሉ ይቀድማል

ለ30 ሊትር ያህል ጠላ የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል 700 ግራም፣ የጌሾ እንጨት 300 ግራም፣ ብቅል አንድ ኪሎ ተኩል፣ ለቂጣ 2 ኪሎ ዱቄት፣ ለእንኩሮ 4 ኪሎ ዱቄት። እህሉ ገብስ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነው። ከቆላ የመጣ ማሽላ በግማሽ ቢቀላቀልበትም ያምራል፤ ቀለሙ ይጠቁራል እንጂ ጣዕሙ አይወድቅም። ብቅሉን ቤት ማብቀል የፈለገ ሰው ደሴ ላይ ከ5 እስከ 7 ቀን ይስጠው፤ ቡቃያው የእህሉን ርዝመት ሲያክል ይነሣና በደንብ ይደርቃል። እርጥበት የቀረው ብቅል ይሻግታል፣ የሻገተ ብቅል ደግሞ ጠላውን ብቅል ብቅል ሳይሆን ምድር ቤት ምድር ቤት ያሸተዋል። ከሰኞ ገበያ ስትገዙ አንድ ፍሬ ነክሳችሁ እዩ፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ተዉት።

ጋኑ በግራዋ ቅጠል ይታሻል፣ ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ከዚያ በወይራ ጭስ ላይ ተደፍቶ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይታጠናል። በፕላስቲክ በርሜል የምትጠምቁ ከሆነ ማጠን አይሞከርም። በፊት ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደግሞ ቢታጠብም አይሆንም፤ ሽታው ከጠላው አይወጣም፣ ለጤናም አይበጅም።

በሥላሴ፣ ታኅሣሥ 7፣ የጌሾ ቅጠሉን በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡና ክደኑት። ለብ ያለ ማለት ክንድ ላይ ሲፈስ ሙቀቱም ቅዝቃዜውም የማይታወቅ ማለት ነው። ጋኑ ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ አይቀመጥ፤ ሲሚንቶ ሌሊቱን ሙሉ ሙቀት ይመጥጣል። ገለባ ወይም ማዳበሪያ ከሥር አንጥፉ፣ ጎኑን በባና ወይም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሉ፣ ምድጃው አጠገብ አድርጉ።

በሚካኤል፣ በ12፣ ሁለት ኪሎው ዱቄት ወፈር ያለ ቂጣ ሆኖ ይጋገርና ተቆራርሶ፣ ብቅሉም አብሮ ይገባል። በሁለት ቀን ውስጥ ጆሮ ሲጠጉት ሽው የሚል ድምፅ ሊሰማ፣ ላዩም ሊነሣ ይገባል። ጭጭ ካለ ጥንስሱ በርዶታል። ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጨምሩበት፣ ባናውን ደርቡ፣ ግማሽ ሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ ወይም ከደህና ጠላ የተወሰደ አንድ ጣሳ አተላ ጣል አድርጉበት። እርሾ መጨመር ነውር የሚመስላቸው ባለሙያዎች አሉ። ለገና የማይደርስ ጠላ ይዞ ከመቅረት ግን ይሻላል።

በኪዳነ ምሕረት፣ በ16፣ እንኩሮው ይሠራል። አራት ኪሎው ዱቄት በውሃ እየተረጨ ይታሻል፣ ምጣድ ላይ እየታመሰ ቡናማ እስኪሆንና የተቆላ ገብስ ሽታ እስኪሰጥ ይበስላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው፦ ቸኩሎ በትኩሱ ይጨምረዋል። ትኩስ እንኩሮ እርሾውን ይገድለዋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ጠላ ሳይሆን ኮምጣጣ አጥሚት ነው። ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ እጅ ስታስገቡ ቀዝቃዛ እስኪሆን ጠብቁ። ከጌሾው እንጨት ጋር ሲገባ ወፍራም ድፍድፍ ይሆናል።

በጊዮርጊስ፣ በ23፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ 22 ሊትር ያህል ውሃ ይሞላና አፉ ይመረጋል። ጭቃ ካልተመቸ ላስቲክና ወፍራም ጨርቅ ደርቦ ማሰር ይበቃል። የበርሜል ክዳን ግን እስከ መጨረሻው አይጠበቅ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ክዳኑን ያስፈነጥረዋል። በመድኃኔ ዓለም፣ በ27፣ ተከፍቶ ይቀዳል። ጠላ የጾም ስለሆነ መቅመስ ይቻላል፤ ከዚህ ድግስ ውስጥ አስቀድሞ የሚቀመሰው ነገር ጥቂት ነውና ይህን ዕድል ተጠቀሙበት።

ጠላ የሚኮመጥጠው በአብዛኛው ክዳኑ እየተከፈተ ስለሚታይ ነው። የሚያኮመጥጡት ተሕዋስያን አየር ይወዳሉ፤ በየቀኑ ከፍቶ ማየት እነሱን መቀለብ ነው። ደፍርሶ ከተቀዳ ከሥር ተጨልፎ ነው፤ ከላይ ቅዱ።

ኮምቦልቻ ላይ ይህ ሁሉ ሂደት ያጥራል፦ ጌሾው በ13፣ ብቅልና ቂጣው በ16፣ እንኩሮው በ19፣ ውሃው በ24 ይገባል። እዚያ በደሴ አቆጣጠር የጀመረ ሰው ለገና የሚያቀርበው ኮምጣጤ ይሆናል።

ቅቤ፣ በርበሬና እንቁላል

ቅቤው በገብርኤልና በጊዮርጊስ መካከል ይነጠር። ሁለት ኪሎ ለጋ ቅቤ ተነጥሮ አንድ ኪሎ ተኩል ወይም ትንሽ ከዚያ በላይ ይወጣዋል፤ የቀረው ውሃና አሬራ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽና እርድ ይገቡበታል። አረፋው እስኪጠፋና ከሥር ያለው ዝቃጭ ወርቅማ እስኪሆን በቀስታ ይንተክተክ። ውሃው ሳያልቅ የወረደ ቅቤ በሳምንቱ ይሸታል። ጾሙ ከመግባቱ በፊት የተነጠረ ቅቤ ካለ ክዳኑን ከፍታችሁ ብቻ አታሽትቱ፤ ትንሽ አሙቁና ያኔ አሽትቱት። ቀዝቃዛ ቅቤ ጉዱን ይደብቃል።

እንቁላል በጾም ወቅት በየቤቱ ይጠራቀማል፤ ይህ ለዶሮ ወጥ ጠቃሚ ነው። ገና ትናንት የተጣለ እንቁላል ሲቀቀል ልጣጩ ሥጋውን ይዞ ይነሣል። የሳምንት ዕድሜ ያለው ግን በቀላሉ ይላጣል። ውሃ ውስጥ አስገብታችሁ የሚንሳፈፈውን ጣሉ።

ሳይቀምሱ ዶሮ ወጥ መሥራት

የገና ዶሮ ወጥ ዋናው ችግር ይህ ነው። ወጡ የሚሠራው በዋዜማው ነው፣ የምትሠራዋ ሴት ደግሞ ጾም ላይ ናት። ጨው አልቀመሰችም፣ በርበሬ አልቀመሰችም። ሌሊት ከቅዳሴ መልስ መሶቡ ሲከፈት ነው ጉዱ የሚታየው። ለልጅ አስቀምሶ ማለፍ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን የስድስት ዓመት ልጅ «ጣፍጧል» ማለቱ ስለ ጨው ብዙ አይነግርም።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። ቅቤና ሥጋ ያልገባበት ቁሌት የጾም ምግብ ነው። ስለዚህ በመድኃኔ ዓለም ማታ፣ የዕለቱ ጾም ከተፈታ በኋላ፣ ቁሌቱ በዘይት ተሠርቶ ያልቃል፤ ጨውም በርበሬም ያኔ ይቀመሳል። በማግሥቱ ሥጋውና ቅቤው ብቻ ይገባሉ። የደሴ ብርድ እዚህ ላይ ወዳጅ ነው፤ ቁሌቱ ከድኖ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ቢያድር ምንም አይሆንም። ኮምቦልቻ ላይ ማቀዝቀዣ ከሌለ ጠዋት አንድ ጊዜ መንተክተክ አለበት።

ለአንድ ዶሮ፦ ተልጦ 2 ኪሎ ተኩል የሚመዝን ቀይ ሽንኩርት፣ በርበሬ 200 ግራም፣ ዘይት አንድ ስኒ፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት አንድ ሙሉ ራስ፣ ዝንጅብል አውራ ጣት የሚያህል፣ ንጥር ቅቤ 250 ግራም፣ የተፈጨ ጨው ሁለት ሾርባ ማንኪያ በልክ፣ መከለሻ ሁለት ሻይ ማንኪያ፣ እንቁላል 12። ይህ ከ8 እስከ 10 ሰው ያበላል።

ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና ያለ ዘይት፣ በራሱ ውሃ፣ በመጠነኛ እሳት ይቁላላ። አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። ይህን በ40 ደቂቃ የጨረሰ ሰው ወጡ ከእንጀራው ላይ ውሃና ሽንኩርት ተለያይቶ ሲፈስ ያየዋል። ሽንኩርቱ ቀልቶ ድስቱን መያዝ ሲጀምር ዘይቱ፣ ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። በርበሬው ከገባ በኋላ ሙቅ ውሃ በጭልፋ ጠብ እየተደረገ ቢያንስ 45 ደቂቃ ይንተክተክ። ቀዝቃዛ ውሃ አታፍሱበት። እሳቱ በርትቶ በርበሬው ከሥር ካረረ ምሬቱ በምንም አይስተካከልም፤ ሳትፋቁ ላዩን ወደ ሌላ ድስት ገልብጡ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከዚህ በኋላ ይገባሉ።

አሁን፣ ጨው ከመግባቱ በፊት፣ ሁለት ጭልፋ ቁሌት ለብቻ አስቀምጡ። ጥቅሙ ኋላ ይታያል። ከዚያ አንድ ተኩል ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ ቅመሱ፤ ከተለመደው ትንሽ ጨው የበዛበት መምሰል አለበት፣ ምክንያቱም ነገ ሥጋና ውሃ ይጨመርበታል። ቀሪውን ግማሽ ማንኪያ ከዶሮው ጋር ታስገቡታላችሁ።

በአማኑኤል፣ በ28፣ ዶሮው ከቀትር በኋላ ይታረዳል። ተገሽልጦ፣ ቆዳው ተገፍፎ፣ በ12 ብልት ይወጣል፤ ፈረሰኛው የአባወራው ነውና ሳይቆራረጥ ይያዝ። ውሃው ጠርቶ እስኪወርድ ይታጠባል፣ መጨረሻ ላይ በሎሚና በጨው ታሽቶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጣል። ሎሚ ውስጥ ሲያድር ሥጋው ይገረጣል፣ ላዩም ይደርቃል።

ቁሌቱ ሲሞቅ ቅቤው ይገባና 10 ደቂቃ ይንተከተካል። ጭኑና እግሩ ቀድመው ይግቡ፣ ፈረሰኛውና ክንፉ ከ20 ደቂቃ በኋላ ይከተሉ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሳት ቢጨመር ውሃው ቶሎ ይተንናል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ያደገ የሐበሻ አውራ ዶሮ አንድ ሰዓት ከሩብ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል፣ የፈረንጅ ዶሮ ደግሞ 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። ሁለቱን በአንድ ድስት አትቀላቅሉ፤ አንዱ ሳይበስል ሌላው ይበታተናል። እንቁላሉም ከፈላ በኋላ 14 ደቂቃ ይቆይ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይላጥ፣ በቢላ ጫፍ ሦስት አራት ቦታ ጫር ጫር ተደርጎ ወጡ ሊወርድ ሲል ይግባ። መከለሻው ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው፤ ሲፈላ ከገባ ሽታው ለጎረቤት ይቀራል።

ከቅዳሴ መልስ ቀምሳችሁ ጨው ከጎደለ፣ ጨውን በአንድ ጭልፋ ትኩስ ወጥ አሟሙታችሁ መልሱ። ከበዛ ደግሞ ያ ጨው ያልገባበት ሁለት ጭልፋ ቁሌት ይግባ። ውሃ መጨመር ወጡን ያቀጥነዋል እንጂ አያድነውም።

እንጀራና ድፎ ዳቦ በአንድ እሳት

በጊዮርጊስ የተቦካ ጤፍ በመድኃኔ ዓለም ይጋገራል፤ በታኅሣሥ ደሴ ላይ አራት ቀን ይፈልጋል። ዐሥር ኪሎ ጤፍ ወደ 50 እንጀራ ይወጣዋል። ዓይኑ ካልወጣ አብሲቱ ቀጥኗል ወይም ሊጡ ኩፍ ሳይል ተጣድፎ ተጋግሯል።

እንጀራው የሚጋገርበት ማድቤት ይሞቃል፣ ይህ ሙቀት ለዳቦው ሊጥ ነው። ስለዚህ በ27 ጠዋት እንጀራው ምጣድ ላይ ሳለ ዳቦውን አቡኩ። ሦስት ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ ወደ ሁለት ሊትር የሚጠጋ ለብ ያለ ውሃ፣ ሦስት ሾርባ ማንኪያ ደረቅ እርሾ (ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ይበቃል)፣ ሦስት ማንኪያ ጨው በልክ፣ ሁለት ማንኪያ ጥቁር አዝሙድ፣ ግማሽ ስኒ ዘይት። ሃያ ደቂቃ በደንብ ይታሽ። ደሴ ላይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ ኮምቦልቻ ላይ 2 ሰዓት ገደማ ይቆያል። ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን እመኑ፦ በጣት ሲጫኑት ቀስ ብሎ ከተመለሰ ደርሷል፣ ወዲያው ከተመለሰ ገና ነው፣ ጭራሽ ካልተመለሰ አልፎበታል።

የኮባ ወይም የሙዝ ቅጠሉን እሳት ላይ አለፍ አለፍ አድርጉት፤ ይለሰልሳል፣ ሲታጠፍም አይቀደድም። ምጣዱ ላይ ተደራርቦ ይነጠፍ፣ ሊጡ ይገልበጥበት፣ በቅጠል ይሸፈን። በመጀመሪያ እሳቱ ዝግ ይበል። ከታች በኃይል ከተጀመረ ሥሩ ያርራል፣ መሐሉ ሊጥ ሆኖ ይቀራል፤ የድፎ ዳቦ ዋና ሕመም ይህ ነው። ከ25 ደቂቃ በኋላ በብረት ክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ከ40 ደቂቃ በኋላ ይገለበጣል። በጠቅላላው አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። ሥሩን ስታንኳኩት ባዶ ነገር እንደሚንኳኳ ከጮኸ በስሏል። በጨርቅ ተጠቅልሎ ይደር፤ በትኩሱ የተቆረሰ ዳቦ ይጣበቃል።

መብራት በዋዜማው ሊሄድ እንደሚችል አስቡና ከሰልና አንድ የከሰል ምድጃ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ። ውሃም በጀሪካን ይሞላ፤ በበዓል ሰሞን ሁሉም ቤት በአንድ ጊዜ ነው የሚከፍተው።

ሁለት ድስት፣ ሁለት ቢላ

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ገና የክርስቲያኑ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጎረቤቱ ሙስሊም ነው፣ አማቹ ሙስሊም ነው፣ አንዳንዴ አያቱም ሙስሊም ናቸው። የሚያሳፍረው እንግዳው ከመጣ በኋላ «የሚበላው ምን አለ?» ብሎ መራወጥ ነው። ይህም እንደ ጠላው አስቀድሞ የሚታቀድ ነው።

ጥሩው መንገድ ዶሮውን ወይም በጉን በሕይወቱ መስጠት ነው። ከበዓሉ ሁለት ቀን አስቀድሞ ለሙስሊሙ ጎረቤት ይሰጣል፤ እነሱ አርደው በራሳቸው ድስት ይሠሩታል፣ ከእናንተ ቤት ሽንኩርቱ፣ በርበሬውና ቅቤው ይሄዳል። ወጡ በበዓሉ ቀን ተመልሶ ለብቻው ገበታ ይቀርባል። በእናንተው ማድቤት ይሠራ ከተባለ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ ድስት፣ ቢላ፣ መክተፊያና ጭልፋ ያስፈልጋል። ማጠብ ይበቃል ብሎ መገመት የለም፤ ከጎረቤት ማስመጣቱ ይቀላል፣ እንግዳውም ልቡ ያርፋል። ያንኑ ቁሌት ለሁለት መክፈል ግን ይቻላል፤ በ27 ማታ ሲሠራ ሥጋ የለበትምና በንጹሕ ድስት ለይታችሁ ላኩት።

እርድ ውስጥ መግባት ካልተፈለገ ዓሣ አለ። የሐይቅ ቆሮሶ ደሴ ይደርሳል፣ በሁለቱም ገበታ ያለ ጭንቀት ይቀርባል። ዓይብ፣ እርጎ፣ በቅቤ የራሰ ገንፎም ክብር ያለው ምግብ ነው። ሽሮ ብቻ አቅርቦ «ለእናንተ ጾም ሠርተናል» ማለት ግን እንግዳን ማሳነስ ነው።

መጠጡ ብርዝ ወይም ቀሪቦ ይሁን። ለ10 ሊትር ቀሪቦ አንድ ኪሎ ተኩል ገብስ ጠቆር እስኪል ይቆላና ይፈላል፣ ቀዝቅዞ ይጣራል፤ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ሻይ ማንኪያ እርሾ ይገባበትና አንድ ሌሊት ብቻ ያድራል። ከዚያ በላይ ከቆየ እየጠነከረ ይሄዳል፣ የተሠራበት ዓላማም ይጠፋል። ብርዝም እንዲሁ በዕለቱ ይበጥበጥ። ጠላ የነበረበት ማንቆርቆሪያና ጣሳ አይነካው።

ሰዓቱንም ተመልከቱ። የዙሁር ሶላት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ምሳው 7 ሰዓት ላይ ቢባል ሁሉንም ያገናኛል። በ2020 ገና ዓርብ ስለሚውል የጁምዓ ሶላት አለ፤ ያኔ ጥሪው 8 ሰዓት ይሁን። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ ሦስቱንም ዙር ይጨርስ፤ የትልልቆቹ ምርቃት የሚመጣው እዚያ ላይ ነው፣ በምሳ ጥድፊያ አይመረቅም።

በጉ፣ ቄጤማውና ጨዋታው

በግ ስትገዙ ወገቡን በእጅ ዳብሱ። የደጋ በግ ጠጉሩ ብዙ ስለሆነ ከሲታው ወፍራም ይመስላል፤ አከርካሪው እንደ ምሳር ስለት ከተሰማ ዐይን እየሸነገላችሁ ነው። ከበዓሉ ሦስት ቀን በፊት ገዝቶ ማሳረፍ ይሻላል፤ ሲነዳ ውሎ ወዲያው የታረደ በግ ሥጋው ጠንካራ ይሆናል። ቅርጫ የምትገቡ ከሆነ ከመታረዱ በፊት የመደቡን ብዛት፣ ቆዳውና ጭንቅላቱ የማን እንደሆነ ተስማሙ፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ የሚነሣ ክርክር በዓሉን ያኮመጥጣል።

ቄጤማው በዋዜማው ማታ ይጎዝጎዝ። የገና ዛፍ የሚያቆሙ ቤቶች በዝተዋል፤ የፕላስቲኩ ግድ የለም፣ ለአንድ ሳምንት ሲባል ከተራራው ጥድ መቁረጥ ግን አይደገፍም።

ጨዋታው እንዳይረሳ። ጫፉ የቆለመመ አንድ ሜትር ያህል የወይራ ዱላ ከሁለት ሳምንት በፊት ተቆርጦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ እርጥቡ ይከብዳል፣ ፀሐይ ላይ የደረቀው ይሰነጠቃል። እሩሩ፣ ማለትም ኳሱ፣ ከእንጨት ሥር ይጠረባል። ለልጆች ግን ከጨርቅ ተጠቅልሎ በጠፍር የተሰፋው ይሻላል፤ የእንጨቱ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ ቀልድ አይደለም። ደሴ ዳገት ናት፣ ሜዳ አይበዛላትም፤ መኪና መንገድ ዳር ከመጫወት ቦሩ ሜዳ ድረስ መሄድ ይሻላል። «በገና ጨዋታ፣ አይቆጡም ጌታ» የተባለው ለአዋቂ ነውና ልጆቹን የሚዳኝ አንድ ትልቅ ሰው አብሮ ይሂድ።

ከተፈሰከ በኋላ

ቅዳሴው ሌሊት ይወጣል። ከ43 ወይም ከ44 ቀን ጾም በኋላ በ9 ሰዓት ሌሊት አንድ ጭን ዶሮ ከሦስት እንቁላል ጋር የበላ ሰው ቀኑን በሆድ ሕመም ያሳልፋል። ሌሊቱን ትንሽ ተልባ ወይም አጥሚት፣ ጥቂት ወጥ በእንጀራ ብቻ ይበቃል፤ ቁርጡና ጥብሱ ለምሳ ይቆይ።

ገናን ላሊበላ ያሳለፉ ቤተሰቦች በማግሥቱ ወይም በሣልስቱ ይመለሳሉ። ድርሻቸው ሌላው ሰው ሳይበላበት ተለይቶ በትንሽ ድስት ይቀመጥ። የቀረው ወጥ ደሴ ላይ በቀን አንድ ጊዜ፣ ኮምቦልቻ ላይ ጠዋትና ማታ ይንተክተክ፤ እንጀራ የነካ ጭልፋ ተመልሶ ከገባበት ግን ቶሎ ይሻግታል።

ጋኑን ቶሎ አታጥቡት። ጠላው ሲያልቅ ድፍድፉ ላይ 10 ሊትር ያህል ውሃና አንድ ኪሎ እንኩሮ ጨምራችሁ መልሳችሁ ምረጉት፤ በሳምንት ቅራሪ ይወጣዋል፣ ለጥር 11 ጥምቀት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ የቀረው አተላ ለላም ወይም ለበግ ይሰጣል፤ በመጀመሪያው ቀን ከአንድ ጣሳ አይበልጥ።